የአንጋፋ ሲንተሳይዘር ተጫዋች የኮንሰርት ክሮችን ወደ ፋይል ማስገባት፦ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ አንጋፋ የሲንተሳይዘር ተጫዋች ከ1975 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ያቀረቧቸው ኮንሰርቶች የተቀዱባቸውን ክሮች በሣጥን ለጠያቂው አስረክበዋል። ሣጥኑ ውስጥ ባለ ሩብ ኢንች ሪሎች፣ ካሴቶችና ጥቂት የዳት (ድምፅ በዲጂታል የሚቀዳበት ትንሽ ካሴት) ክሮች አሉ። ለሙከራ የተጫወተው የመጀመሪያ ሪል ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ማፏጨት ጀምሮ ቀጥ አለ። ሁለተኛው ትንሽ የፈጠነ ይመስላል። ሦስተኛው ላይ አንዳንዱ ድምፅ ከመምጣቱ በፊት ጥላው ቀድሞ ይሰማል። ታዲያ ከየት ልጀምር፣ የቱን ላጽዳ፣ የቱን ልተው?

ያፏጨውን ሪል ለጊዜው አይንኩት፤ ወደ ኋላም አያጠንጥኑት። ምክንያቱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት ይህን ሥራ ከሌላ የኮንሰርት ቅጂ የሚለየውን ልናገር፤ የሚቀጥለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነውና።

ዘፋኝ ወይም ፒያኖ የተቀዳበት ክር ሲፈጥን ጆሮ ወዲያው ይነቃል፤ የሰው ድምፅ እንዴት እንደሚሰማ ሁላችንም እናውቃለን። ሲንተሳይዘር ላይ ግን ጆሮ የሚይዘው ነገር የለም። ሽሽታው የክሩ ነው ሲሉ ሙዚቀኛው ሆን ብለው የለቀቁት ነጭ ኖይዝ ይሆናል። ጉርምርምታው የመብራት መስመር ነው ሲሉ የባስ ኦሲሌተር (የሲንተሳይዘሩ ድምፅ አመንጪ) ይሆናል። ማሚቶው የክር ብልሽት ነው ሲሉ ከመድረኩ የቴፕ ኢኮ የመጣ ይሆናል። ከቅኝት የወጣው ድምፅም እንዲሁ፤ የ1970ዎቹ አናሎግ ኦሲሌተሮች የአዳራሹ ሙቀት በተለወጠ ቁጥር ራሳቸው ይንሸራተቱ ነበር። ስለዚህ በዚህ ሥራ ምስክር የሚፈለገው ከሙዚቃው ውጭ ነው፦ ከመብራት መስመሩ፣ ከጭብጨባው፣ ከአስተዋዋቂው ንግግር፣ ከሬዲዮው ምልክት። «ጥሩ ይሰማል» ማስረጃ አይሆንም።

በቅደም ተከተሉ ዳት ይቅደም። ጠያቂው የተጨነቁት ለሪሎቹ ይመስላል፤ ነገር ግን አናሎግ ክር ሲያረጅ ቀስ በቀስ ይደክማል እንጂ ድንገት አይሞትም። ዳት ስሕተት ማረሚያው መሸፈን እስከሚችልበት ድረስ ፍጹም ያጫውታል፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል። ሶኒ የዳት ማሽን ማምረት ያቆመው በ2005 ነው፤ የሚዞረው ሄዱ (ክሩን የሚያነበው ክፍል) ያላለቀ ማሽን ማግኘት በየዓመቱ እየከበደ ነው። ዳት፣ ቀጥሎ የጀርባ ቅብ (በክሩ ጀርባ ያለ ጥቁር ሽፋን) ያላቸው ሪሎች፣ ቀጥሎ ካሴቶች፣ በመጨረሻ የጀርባ ቅብ የሌላቸው ሪሎች።

ዳት

ክሩን በቀጥታ አያጫውቱት። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ ከዚያ እስከ መጀመሪያው ወደ ኋላ ያጠንጥኑት፤ ለዓመታት ተጣብቆ የተቀመጠው ጥቅል ይላላል፣ ውጥረቱም እኩል ይሆናል። ከማሽኑ የሚወጣው በዲጂታል መስመር ነው፣ በኮአክሲያል ወይም በኦፕቲካል። በአናሎግ መውጫ መቅዳት ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ መለወጥ ነው። ኢንተርፌሱ (ማሽኑን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው) ሰዓቱን ከማሽኑ እንዲወስድ፣ ማለትም ክሎኩን ወደ ውጫዊ ያዙሩ። ይህን የረሳ ሰው በየጥቂት ሰከንዱ ቲክ የሚል ድምፅ ያገኝና ክሩን ይኮንናል።

ሳምፕል ሬቱ (በሰከንድ የሚወሰደው የድምፅ ናሙና ብዛት) ከክር ክር ብቻ ሳይሆን በአንድ ክር ውስጥም ሊለወጥ ይችላል፦ 48፣ 44.1 ወይም 32 ኪሎኸርዝ። በረጅም ማጫወቻ ዘዴ የተቀዳው 32 ኪሎኸርዝና 12 ቢት ነው፤ ረጃጅም ኮንሰርቶች በአንድ ክር እንዲያልቁ ብዙ ጊዜ ይህ ተመርጧል። ሬቱ በተለወጠበት ቦታ ፋይሉን ቆርጠው አዲስ ይጀምሩ፤ በዚህ ደረጃ ወደ ሌላ ሬት አይለውጡት። እያንዳንዱን ክር ሁለት ጊዜ ያሳልፉ፣ ቢቻል በሁለት ማሽን። ሁለቱን ፋይሎች በሳምፕል አስተካክለው የአንዱን ሞገድ ፖላሪቲ (ፕላስና ማይነሱን) ገልብጠው ሲደምሯቸው ፍጹም ዝምታ ከመጣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ዝምታው የሚሰበርበት ቦታ አንዱ ማሽን ያጣውን በግምት የሞላበት ነው፤ ያንን ቦታ ከሌላው ቅጂ ይተኩታል።

አንዳንድ ክር ኤምፋሲስ ተብሎ የሚጠራው የከፍተኛ ድምፅ ማጉላት ያለበት ሲሆን፣ ይህን የሚናገረው ምልክት ከፋይሉ ጋር ላይቀመጥ ይችላል። ካልተነቃበት ቅጂው እስከ 10 ዴሲቤል በሚደርስ ብልጫ ይሳላል፤ ሲንተሳይዘር በመሆኑም «የዘመኑ ዲጂታል ድምፅ» ተብሎ ይታለፋል። በሚቀዱበት ጊዜ የማሽኑን ማሳያ አይተው ይመዝግቡ፣ ማስተካከያውን በኋላ በሶፍትዌር ይሠሩታል። በቪዲዮ ካሴት ላይ የተቀዳ ድምፅ ከተገኘም ምናልባት የሶኒ ፒሲኤም-ኤፍ1 (ዲጂታል ድምፅን በቪዲዮ ካሴት ላይ የሚያስቀምጥ መሣሪያ) ቅጂ ነው። እዚያ ኤምፋሲስ አለ ብለው ይጀምሩ፣ በግራና በቀኝ መካከል የግማሽ ሳምፕል (11 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ) መዘግየት መኖሩንም ያስታውሱ።

ያፏጨው ሪል

ጀርባውን ይመልከቱ። ሳይብለጨለጭ ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ከሆነ የጀርባ ቅብ አለው ማለት ነው። አምፔክስ 406 እና 456፣ ስኮች 226 እና 227፣ እንዲሁም አንዳንድ የአግፋ ፔም 468 ምርቶች በተባሉት ክሮች ላይ ማግኔታማውን ብናኝ የያዘው ፖሊዩረቴን (ሙጫው) ከአየር እርጥበት እየመጠጠ ይፈርሳል። የፈረሰው ሙጫ ሄዱ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ይተዋል፣ ክሩ ይያዛል፣ ይጮኻል፣ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ክር በፍጥነት ማጠንጠን ቅቡን ከነሙዚቃው ይልጠዋል። ለዚህ ነው አይንኩት ያልኩት።

መፍትሔው ማሞቅ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ምርመራ የግድ ነው፦ ጥቅሉን በጎኑ ወደ ብርሃን ያንሡት። ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ክሩ አሲቴት ነው፤ አሲቴት ፈጽሞ አይሞቅም፣ ይጨማደዳል፣ ይሰባበራል። የሆምጣጤ ሽታ ካለውም ያው ነው። ብርሃን የማያሳልፍና የጀርባ ቅብ ያለው ከሆነ ይሞቃል።

ለሩብ ኢንች ክር 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 8 ሰዓት። ወጥ ቤት ያለ ምድጃ አይሆንም፤ የጋዙ እርጥበት ያመነጫል፣ የኤሌክትሪኩ በትንሽ ሙቀት ላይ ከ40 ወደ 80 እየዘለለ ይሄዳል። ማይክሮዌቭማ አይነሣ። የሚሻለው ማራገቢያና ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው የላቦራቶሪ ማሞቂያ ነው፤ ባለ ክብ ትሪ የምግብ ማድረቂያም ብዙዎች ይጠቀማሉ። በማሽኑ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ አይመኑ። የተለየ ቴርሞሜትር ውስጥ ጥለው ባዶውን አንድ ሰዓት ያስኬዱት። ሪሉን ከካርቶኑ ያውጡ፣ በጠፍጣፋው ያስተኙ፣ በግማሹ ሰዓት ላይ ይገልብጡት። ሲያበቃ በሩን ከፍተው አያውጡት፤ ኃይሉን አጥፍተው ውስጥ እንዳለ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያም የሞቀውን ያህል ሰዓት ይረፍ።

የሞቀ ክር ለዘለዓለም አልዳነም፣ እርጥበቱ ተመልሶ ይገባል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቀዳት አለበት፤ ስለዚህ ሁሉንም ሪል በአንድ ቀን አሙቀው አይደርድሩ። መቅጃው፣ ኢንተርፌሱና ዲስኩ ተዘጋጅተው ሲያበቁ ብቻ ያሙቁ። ድሮ የተቀጠሉባቸው ቦታዎች ሲሞቁ ማጣበቂያቸው ይደርቃል ወይም ይፈስሳል፤ በዝግታ ጠንጥነው የተለቀቁትን በአዲስ የመቀጠያ ቴፕ ይመልሱ። ረጃጅም የኤሌክትሮኒክ ኮንሰርቶች ብዙ ቅጥል አላቸው። ባለ 10 ተኩል ኢንች ሪል 762 ሜትር ክር ይዞ በ38.1 ሴንቲሜትር በሰከንድ ሲሄድ 33 ደቂቃ ብቻ ነው፤ አንድ ሰዓት ያለማቋረጥ የሚጫወት ሰው ሁለት ማሽን ይፈልጋል፣ በኋላም ሁለቱ ተቆርጠው ይቀጠላሉ።

የጀርባ ቅብ ሳይኖረው የሚያፏጭ ክርም አለ። የዚያ በሽታ ሌላ ነው፤ ማሞቅ አይረዳውም፣ አንዳንዴም ያባብሰዋል። እንዲህ ያለው ሲቀዘቅዝ ስለሚጫወት ለባለሙያ ይተውት።

በየሪሉ መጨረሻ ሄዱንና መመሪያዎቹን በ99 በመቶ ኢሶፕሮፒል አልኮል ያጽዱ። የጎማውን ተሽከርካሪ በአሴቶን አይንኩ፣ ይቀልጣል። ሄዱን ከማግኔት ማጥራት ሲያስፈልግ ማሽኑን ያጥፉ፣ የክሮቹን ሣጥን በሙሉ ከክፍሉ ያውጡ፤ ያ መሣሪያ አጠገቡ ያለውን ክር ሳይጠይቅ ያጠፋል።

ጥላው ቀድሞ የሚሰማው ሪል

ይህ ኅትመት (print-through) የሚባለው የክር ብልሽት ነው፤ በጥቅሉ ውስጥ አንዱ ዙር በላዩ ወዳለው ዙር ማግኔቱን አሻግሯል። ከድሮን (ሳይቋረጥ ከሚቆይ ድምፅ) ወይም ከጸጥታ በኋላ ድንገት የሚመታ ድምፅ ላይ ይጎላል፤ ይህ ዓይነት ሙዚቃም የተሠራው ከዚያ ነው። ችግሩ ሙዚቀኛው ራሳቸው የቴፕ ኢኮ ተጠቅመው ሊሆን መቻሉ ነው፤ ታዲያ የትኛው የማን ነው?

በሰዓት መለካት ይቻላል። የኅትመት መዘግየት የጥቅሉ አንድ ዙር ነው። በ38.1 ሴንቲሜትር በሰከንድ፣ ጥቅሉ 10 ሴንቲሜትር ራዲየስ ባለበት ቦታ ዙሩ 63 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚሆን ጥላው የሚርቀው 1.65 ሰከንድ ነው። ክሩ ወደ መሃሉ ሲቀርብና ራዲየሱ 6 ሴንቲሜትር ሲሆን ርቀቱ ወደ 1 ሰከንድ ይወርዳል። በ19.05 ፍጥነት ቁጥሮቹ እጥፍ ይሆናሉ። መዘግየቱ በቅጂው ርዝመት ቀስ እያለ የሚለዋወጥ ከሆነ የክሩ ነው፤ ሙዚቀኛው ቁልፉን እስካልነኩ ድረስ አንድ ቦታ የሚቆም ከሆነ የመድረኩ ነው። ከድምፁ በፊት የሚመጣ ደግሞ ከኢኮ ማሽን ሊመጣ አይችልም።

ኅትመት ሲጠነጠን ይደክማል። ከመቅዳት በፊት ሦስት ጊዜ ያህል ከጫፍ ጫፍ ያጠንጥኑት፤ የሚያጣብቅ ክር ከሆነ ይህ የሚደረገው ከማሞቅ በኋላ ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ መጨረሻው ወደ ውጭ ሆኖ ይቀመጥ፤ የሚፈጠረው አዲስ ጥላ በብዛት ከድምፁ በኋላ ይወድቅና በራሱ ይሸፈናል። በሶፍትዌር ለመቁረጥ ግን አይሞክሩ።

ፍጥነቱ

መቅጃው ላይ የተጻፉት ፍጥነቶች 9.5፣ 19.05 እና 38.1 ሴንቲሜትር በሰከንድ ናቸው። በእጥፍ ከተሳሳተ ማንም ያውቀዋል። የሚያስቸግረው የ1 እና የ3 በመቶ ስሕተት ነው፤ ቅኝትን ተመርኩዞ ማስተካከል ደግሞ ከላይ እንዳልኩት የተንሸራተተ ኦሲሌተርን ወደማያውቀው ቦታ መጎተት ነው። ሜሎትሮን ካለበት ይብሳል፤ እሱ ራሱ በሞተር የሚሄድ የክር መሣሪያ ነው።

አስተማማኙ ምስክር የመብራት መስመሩ ጉርምርምታ ነው። ኮንሰርቱ የተካሄደበት አገር መስመር 50 ወይም 60 ኸርዝ ነው፤ በመድረኩ ገመዶች በኩል ሾልኮ ክሩ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ኖታ ከመነሣቱ በፊት ወይም በጭብጨባው ሰዓት ያለውን ክፍል ይቁረጡና ስፔክትረሙን (የድግግሞሾቹን ሥዕል) ይዩ። በ96 ኪሎኸርዝ 262,144 ነጥብ ያለው መስኮት 0.37 ኸርዝ ይለያል፤ ሦስተኛውን ብዜት (150 ላይ የሚወድቀውን) ካነበቡ ደግሞ ስሕተቱ በሦስት ይከፈላል። 50 መሆን የነበረበት 51.2 ላይ ከተገኘ ክሩ 2.4 በመቶ ፈጥኗል፣ ሙዚቃውም ከግማሽ ድምፅ 41 በመቶ ያህል ከፍ ብሏል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የእርስዎ ቤት ጉርምርምታ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ ትክክለኛው 50 ላይ ይቀመጥና «ፍጥነቱ ልክ ነው» ብሎ ይዋሻል። ማሽኑ በርቶ ክሩ ሳይንቀሳቀስ አንድ ደቂቃ ይቅዱ፤ እዚያ የታየው የእርስዎ ነው፣ ከእሱ ጎን የቆመው ሁለተኛ መስመር የኮንሰርቱ። ሁለተኛው ወጥመድ ሙዚቃው ነው። ላ 440 ሲሆን ከታች ያለው ሶል 49 ኸርዝ ነው፤ በሶል የሚቆይ የባስ ድሮን ከ50 ጎን ተቀምጦ ጉርምርምታ ይመስላል። በዝምታ ቦታ ላይ ብቻ ይለኩ የምለው ለዚህ ነው። ልኬቱንም በሪሉ መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ይድገሙ፣ በባትሪ የሚሠራ መቅጃ ወደ መጨረሻ ይደክማልና። የመብራት መስመሩ ራሱ በትንሽ ስለሚወዛወዝ ከ0.2 በመቶ በታች የሆነ ልዩነት አይነካም።

ሌሎች ምስክሮችም አሉ፤ ሲገኙ ወርቅ ናቸው። ከኤፍኤም ስቴሪዮ ሬዲዮ የተቀዳ ሪል ላይ የ19,000 ኸርዝ ምልክት ቀጭን መስመር ሆኖ ሊታይ ይችላል። መድረኩ ላይ የቴሌቪዥን ዓይነት ስክሪን የነበረበት ቅጂ የስክሪኑን ፉጨት ይይዛል፤ 15,625 ኸርዝ ወይም በ60 ኸርዝ አገሮች ስርዓት 15,734። ከ1983 ወዲህ ሚዲ (የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች መነጋገሪያ መስፈርት) ከመጣ በኋላ ባሉት ኮንሰርቶች ደግሞ ዲጂታል ሲኩዌንሰር (ኖታዎችን በራሱ የሚያጫውት መሣሪያ) ሙሉ ቁጥር ባለው ቴምፖ ሊሄድ ይችላል። መቶ ባር ለክተው 122.9 ከመጣና ጉርምርምታው 51.2 ካለ፣ ሁለቱ ሳይማከሩ 120 ላይ ተስማምተዋል ማለት ነው። ቴምፖውን ለብቻው ግን አይመኑት፤ መድረክ ላይ በእጅ ይነካካል።

ማስተካከያውን የሚሠሩት በፋይሉ ላይ ነው እንጂ በማሽኑ አይደለም። ማሽኑ በመደበኛ ፍጥነቱ ይሂድ።

ሄዱን ማስተካከል፣ ኢኪው፣ ኖይዝ መቀነሻ

የሄዱ ቀጥታ፣ አዚሙዝ የሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ክር ለየብቻ ይስተካከላል፤ ያኔ የቀዳው ማሽን ራሱ ጠማማ ሊሆን ይችላልና። የተለመደው ዘዴ ግራና ቀኙን ወደ ሞኖ ደምሮ ከፍተኛው ድምፅ እስኪጠራ ብሎኑን ማዞር ነው። እዚህ ላይ ፌዘርና ኮረስ (ድምፁን የሚያሽከረክሩና የሚያባዙ ኢፌክቶች) ያታልላሉ፤ ሙዚቃው ራሱ በሁለቱ ቻነል መካከል እየተሽከረከረ ስለሆነ ደምረው ሲሰሙት ምንም ቦታ ላይ አይረጋም። ጭብጨባውን ይፈልጉ። ጭብጨባ በሁሉም ድግግሞሽ ሙሉ ነው፤ አንዱን ቻነል ብቻ እየሰሙ ሹል እስኪሆን ያዙሩ፣ ከዚያ በአስተዋዋቂው ንግግር ላይ በሞኖ ያረጋግጡ። ብሎኑ የነበረበትን ቦታ ምልክት አድርገው ይጀምሩ።

ሪሉን ሲያጫውቱ ከጀርባ ወደ ኋላ የሚናገር ሙዚቃ ከተሰማ ክሩ ባለ አራት ትራክ ነው፣ በሁለቱም አቅጣጫ ተቀድቷል፤ ማሽንዎ ደግሞ ባለ ሁለት ትራክ ሄድ አለው። ማሽን መለወጥ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ወደ ኋላ የሚሄድ ድምፅ አዲስ ስላልሆነ ብዙ ሰው ይህንን ሥራው ነው ብሎ ያልፈዋል።

የኢኪው (ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ ሲቀዳና ሲጫወት የሚመጣጠንበት ኩርባ) ነገር አጭር ነው። አሜሪካ የተቀዳው በኤንኤቢ መስፈርት፣ አውሮፓ የተቀዳው በአይኢሲ መስፈርት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የኤንኤቢን ክር በአይኢሲ ቢያጫውቱ 50 ኸርዝ አካባቢ 3 ዴሲቤል ያህል ይወፍራል፣ ላይኛው ድምፅም በተመሳሳይ መጠን ይዛባል። ኩርባው የታወቀ ስለሆነ በኋላ ይታረማል፤ ዋናው በየትኛው እንዳጫወቱት መጻፉ ነው።

ኖይዝ መቀነሻ ላይ ግን ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ዶልቢ ቢ 10፣ ሲ 20 ዴሲቤል ያህል ሽሽታ ይቀንሳሉ፤ ዲቢኤክስ ሁሉንም በግማሽ ጨምቆ ቀድቶ ሲጫወት በእጥፍ ይዘረጋል። ሣጥኑ ላይ ካልተጻፈ ሲጨበጨብ ያዳምጡ፦ ያልተፈታ ዲቢኤክስ ጭብጨባውና ሹክሹክታው እኩል የጎሉ፣ ልብ የሌላቸው ይመስላሉ። ያልተፈታውን ሁልጊዜ ያስቀምጡ፣ የተፈታውን ለብቻ ሁለተኛ ፋይል ያድርጉ። ዶልቢ የሚፈታው ደረጃው ልክ ሲሆን ብቻ ነው፤ 2 ዴሲቤል ከሳተ ከፍተኛው ድምፅ ይሞታል ወይም ይንቀጠቀጣል። በዲቢኤክስ ደረጃ ችግር የለም፤ ነገር ግን ባሱ በመታ ቁጥር ሽሽታው አብሮት ይተነፍሳል። ያ መተንፈስ ከመፍታቱ ጋር የሚመጣ ነው፣ አይወጣም።

ካሴቶቹ

ከመክተትዎ በፊት ከላይ ያሉትን ሁለት የመቅጃ መከላከያ ጥርሶች ይስበሩ። የግፊት ንጣፉ (ክሩን ወደ ሄዱ የሚገፋው) ወድቆ ከተገኘ ክሩን በብሎን ወደሚከፈት ሌላ ቤት ያዛውሩት። ከጥርሶቹ አጠገብ ተጨማሪ ቀዳዳ ያለው ዓይነት 2 ነው፣ ኢኪውው 70 ማይክሮ ሰከንድ፤ ተራው 120። ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ከ45 ደቂቃ በኋላ ይገለበጣል፤ በዚህ መካከል የጠፋው ሙዚቃ ከሌላ ምንጭ ካልመጣ ጠፍቷል። በፌድ (ድምፁን ቀስ በቀስ በማሳነስና በማሳደግ) አያልሱት፣ ክፍተቱን እንዳለ ይተዉት።

ቅጂውና ፋይሉ

ለአናሎግ ክሮች 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ፣ ቢዳብሊውኤፍ (ስለ ቅጂው መረጃም የሚይዝ የዌቭ ፋይል ዓይነት)። የዓለም አቀፉ የድምፅና የኦዲዮቪዥዋል መዛግብት ማኅበር አይኣሳ በመመሪያው የሚመክረው ይህንኑ ነው። በሰዓት 2.07 ጊጋባይት ይሆናል። ተራ የዌቭ ፋይል 4 ጊጋባይት ላይ ስለሚቆም ከ2 ሰዓት በላይ የሆነውን ይህ ገደብ በሌለው የዌቭ ዓይነት፣ በአርኤፍ64 ይቅዱ። ደረጃው ከፍ ሲል እንኳ ከዜሮ 10 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቆይ፤ ፊልተሩ ድንገት ሲከፈት ከሰማነው ሁሉ የበለጠ ጫፍ ይመጣል፣ በ24 ቢት ደግሞ ይህን ክፍተት መተው ምንም አያስከፍልም። ቅጂው ክሩ ከመነሣቱ በፊት ይጀመር፣ ካለቀ በኋላ ይቁም። ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ በሌላ ሕንፃ፤ ከእያንዳንዱ ጋር የቼክሰም (ፋይሉ እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጥ ቁጥር) ፋይል።

የአንድ ኮንሰርት ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ከሚክሰር አንዱ ከተመልካች መሃል፣ ከተገኘ ሚክሰሩ ዋና ይሁን። በሮክ ኮንሰርት ሚክሰሩ ጎዶሎ ነው፤ ጊታሩ ከራሱ አምፕ እየጮኸ ስለሚሰማ ወደ ሚክሰሩ የሚገባው ጥቂት ነው። እዚህ ግን ሁሉም መሣሪያ በገመድ ወደ ሚክሰር ይገባል፣ ከመድረክ በአየር የሚመጣ የለም ማለት ይቻላል። የተመልካቹ ቅጂ የሚጠቅመው ለአዳራሹ ስሜትና ክር ሲያልቅ ክፍተት ለመሙላት ነው። ሁለቱን ሲያጋጥሙ ከድምፅ ማጉያው 30 ሜትር የቆመ ማይክሮፎን 87 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። ፍጥነታቸው በ0.1 በመቶ ከተለያየ ደግሞ ከ45 ደቂቃ በኋላ 2.7 ሰከንድ ተራርቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱም በየራሳቸው ጉርምርምታ ይታረሙ፣ ከዚያ ይገጣጠሙ።

ማጽዳት

ጥያቄው ምን ላጽዳ ነበር። ከዋናው ፋይል ምንም። ለመስሚያ በሚሠራው ኮፒ ላይ በጣም ጥቂት። የሽሽታ ማጥፊያ «የዝምታ ናሙና» ይጠይቃል፤ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ግን ነፋስና ባሕር የሚመስለው ሁሉ ከኖይዝ ማመንጫ የተሠራ ስለሆነ ማጥፊያው ሁለቱን አይለይም፣ የውኃ ውስጥ ድምፅ ያደርገዋል። የክሊክ ማጥፊያ የሲኩዌንሰሩን ሹል ጅማሬ ይበላል። የመብራት ጉርምርምታን የሚቆርጥ ፊልተር ሶሉን ይዞ ይሄዳል፤ ማድረግ ካለብዎ ከሙዚቃው በፊትና በኋላ ባለው ክፍል ብቻ ያድርጉት። ኮምፕሬሽን አያስፈልግም። ሃያ ደቂቃ ቀስ ብሎ የሚያድግ ሥራ ላይ እድገቱ ራሱ ሙዚቃው ነው።

በአልበም ለማውጣት ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ አሁን አይነሣ። አሜሪካዊቷ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪ ሱዛን ቻኒ በ1975 በቡክላ ሲንተሳይዘር ያቀረበቻቸው ኮንሰርቶች በአልበም የወጡት በ2016 ነው። ከማሳተም በፊት ግን መብቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ ሬዲዮ ጣቢያ የቀዳው ክር ሣጥናቸው ውስጥ ተገኘ ማለት የእሳቸው ነው ማለት አይደለም።

የመጨረሻው ሥራ ማሽን አይፈልግም። የሣጥኖቹን ስድስቱንም ጎን፣ ክሩ ላይ የተለጠፈውን፣ ውስጥ የተገኘውን ወረቀት ሁሉ ፎቶ ያንሡ፤ ርዕሱን አይመኑ፣ ተሻሽለው የተጫወቱ ሥራዎች ስም የሚወጣላቸው ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚያ መስሚያውን ኮፒ ይዘው አንጋፋው ዘንድ ይቀመጡና ንግግሩን ይቅዱ። የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ በዚያ ምሽት የትኞቹ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ቅኝታቸው በምን ይወሰድ ነበር፤ ኢኮው ማሽን ነበር ወይስ ሁለት መቅጃ በአንድ ክር ተያይዘው፤ ድምፁ በአራት ማጉያ ዙሪያውን ይሄድ ነበር ወይ፣ ከሆነ ክሩ ላይ የትኞቹ ሁለት ቻነሎች ገቡ፤ ሪሉ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ተቆርጧል ወይ፣ ምን ተጨመረበት። አራት ማጉያ ከነበረ ሌላውን ጥንድ የያዘ ሪል የሆነ ቦታ ሊኖር ይችላልና፣ የት እንደሚሆን በዚያው ቀን ይጠይቋቸው።